ብርን በብር ስትሸጡ ሚዛኑን እዩ!

ዛሬ ስለ ፍቅር አላወራም፤ ስለ ኩርፊያም አላወራም። የዛሬው ወሬያችን ስለ ብር ነው። ብር ስል ግን ኪሳችን ውስጥ አንድ ሌሊት የማያድረውን ወረቀት ማለቴ አይደለም። እውነተኛውን፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚዘፍነውን፣ አያቶቻችን በጨርቅ ቋጥረው ሳጥን ሥር የሚደብቁትን ብር ማለቴ ነው።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ደብዳቤ ነው። የጻፈችልኝ የ22 ዓመት ወጣት ናት። እንደ ልማዳችን ስሟን አልጠራም። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነው። የኮሌጅ የመጨረሻ መንፈቅ ክፍያዬን ካልጨረስኩ ለፈተና አልቀመጥም። አያቴ ይህን ስትሰማ ከሳጥኗ የድሮ ብሮች አውጥታ ሰጠችኝ። አራት ጠገራ፣ አንድ የምኒልክ ብርና ሰባት ሽልንግ ናቸው። ፊታቸው ተበልቷል። አንድ ሱቅ ይዤ ብሄድ ሰውየው አገላብጦ አየና ‹እነዚህ እኮ አርጅተዋል፣ የሴትየዋ አፍንጫ እንኳ ጠፍቷል፣ ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ አልገዛም ነበር› ብሎ ለሁሉም በጅምላ ዋጋ ነገረኝ። ያለው ዋጋ የክፍያዬን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልሽጥ ወይስ ልተወው?»

እናንተዬ፣ ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ጆሮዬ ጋለ። ለምን ብትሉኝ እኔም በዚሁ መንገድ ተሸውጃለሁና!

ታሪኩ የቆየ ነው። አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እናቴ ከአንገቷ የማይለዩትን ሦስት ጠገራዎች አውልቃ «ሂድና ሽጣቸው» አለችኝ። ያኔ እኔ ራሴን የለየለት አራዳ አድርጌ የምቆጥር ጎረምሳ ነበርኩ። የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ፉት ስል እሱ ጠገራዎቹን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አደረገና «ይሄ እኮ አልቋል፣ ብሩም ድብልቅ ነው» አለኝ። ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ቆጥሬ ተቀበልኩ፣ አመስግኜም ወጣሁ። ቤት ስደርስ እናቴ «ስንት ሸጥከው?» አላለችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «መዘኑት?»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። አባቴ ድኖ ከሆስፒታል ወጣ። የዚያች አንዲት ቃል ሕመም ግን እኔ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ለልጅቷ መልስ ብቻ ጽፌ አልተውኳትም። ግራምን እስከ ነጥብ ሁለት ቤት የምታሳይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን ይዤ ቀጠርኳት። ያደረግነውን ሁሉ ልንገራችሁ፤ የአያት ሳጥን ያለው ቤት ሁሉ ይጠቅመዋል።

ፊት ይጠፋል፣ ክብደት ግን…

ገዢ ሁሉ የሚመዛት የመጀመሪያ ካርድ «አርጅቷል» የምትለዋ ናት። እስቲ እናስላው። አንድ ሙሉ ጠገራ 28.07 ግራም ይመዝናል። በሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ስለዚህ በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ከልጅቷ ጠገራዎች በጣም የተበላው ሚዛን ላይ ሲወጣ 27.3 ግራም ሆነ። አፍንጫ የላት፣ የትከሻዋ ጌጥ የለ፣ ፀጉሯ ልሙጥ ብሏል፤ የጎደለው ግን ከአንድ ግራም በታች ነው!

ሒሳቡ እንዲገባችሁ ብቻ፣ የንጹሕ ብር ግራም 100 ብር ነው እንበል። ያልተበላው ጠገራ 2,338 ብር ያወጣል። አፍንጫ የሌላት ደግሞ 2,274 ብር ታወጣለች። ልዩነቱ 64 ብር ነው። ሰውየው ግን በዚህች ምክንያት ዋጋውን በግማሽ ሊጥለው ነበር። በድሮ ጊዜ ነጋዴው የሴትየዋን ጌጥና ዶቃ አጥርቶ ሳያይ ጠገራ አልቀበልም ይል ነበር። ዛሬ ለሚያቀልጠው ሰው ግን አፍንጫዋ ኖረ አልኖረ ምኑም አይደለም። እሳት ውስጥ ሲገባ ሁሉም እኩል ነው።

በእጃችሁ ያለው የትኛው ነው?

ልጅቷ «ሁሉም የድሮ ብር ነው» ብላ ነበር የመጣችው። አይደለም። ለይታችሁ ካልያዛችሁ ገዢው ይለይላችኋል፤ የሚለየው ደግሞ ለራሱ ነው።

ጠገራ፦ የኦስትሪያዋ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። 1780 የሚል ዓመት አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የ1780 ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ በኋላም ዓመቱ ሳይቀየር መመታቱን ቀጠለ። በቪየና ብቻ አይደለም። ኢጣሊያ አገራችንን ልትወር ስትሰናዳ በ1935 እ.ኤ.አ. መቅረጫውን ወስዳ ሮም ውስጥ አስመታችው፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዞችም በለንደንና በቦምቤይ አስመቱት። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው «የ1780» ጠገራ ከአያታችሁ ዕድሜ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። አብዛኛው ጠገራ የሚሸጠው በብርነቱ ነው። ሚሊዮኑን እርሱት።

የምኒልክ ብር፦ ይህ ሌላ ነው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተመታ ነው። በአንድ ወገን የአፄ ምኒልክ፣ በሌላው የአንበሳው ምስል አለበት። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ 28.07 ግራም ሆኖ በሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ታናናሾቹም አሉ። አላዱ 14 ግራም፣ ሩቡ 7 ግራም፣ ግርሹ 1.4 ግራም ናቸው። የምኒልክ ብር ከብርነቱ በላይ ዋጋ አለው። ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። እዚህ ላይ ግን ፊቱ ዋጋ አለው፤ ጽሑፉ የሚነበብ፣ ያልተበሳና ጆሮ ያልተበየደበት ከሆነ ከጠገራ ጋር አንድ ላይ አትመዝኑት።

ሽልንግ፦ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለበት፣ 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት የ50 ሳንቲሙ ሽልንግ እውነተኛ ብር ነው። 7 ግራም ይመዝናል። በመጀመሪያ የተመታው በሺህ 800፣ በኋላ የተመታው በሺህ 700 ነው፤ ዓመቱ ግን ሁለቱም ላይ ያው ነው። ስለዚህ ስታሰሉ በ700 አስሉ፤ 800 ሆኖ ከተገኘ ምርቃት ነው። በደርግ ጊዜ የወጣው የ1969ኙ ሽልንግ ግን መዳብና ኒኬል ነው፤ ጠብታ ብር የለበትም። የ1923ቱ መቶኛም ቢያብረቀርቅ ኒኬል ነው።

የልጅቷን ሰባት ሽልንግ ስናይ አምስቱ የ1936 ሆኑ። አንዱ የ1969 ነው። ሰባተኛው ግን አስቆን አልቀረም። ጠርዙ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ይታያል። ለካ የ1936 መዳብ ስሙኒ ኖሯል፣ ብር የተቀባ! ያኔ ስሙኒው እንደ ሽልንጉ ክብ ስለነበር አራዶቹ ብር እየቀቡ በሽልንግ ያልፉት ነበር። መንግሥት በዚህ ምክንያት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙን እንደ አበባ አስቆረጠው። በወጉ የተቆረጠውን ስሙኒ ያያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። እንግዲህ የልጅቷ ቅድመ አያት ከ70 ዓመት በፊት ተሸውደው፣ የተሸወዱበትን ሽልንግ ለዘር አውርሰዋል ማለት ነው። ማጭበርበር አዲስ ነገር አይደለም!

አራት ጠገራ፣ ሦስት አውንስ

ስሌቱ አያስፈራም። የብር የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ነው። የብርና የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የዕለቱን ዋጋ በ31.1 አካፍሉት፤ የአንድ ግራም ዋጋ በዶላር ታገኛላችሁ። ያንን ባንኮች በዕለቱ ባወጡት ምንዛሪ አባዙት። ከዚያ የዕቃችሁን ግራም በንጽሕናው (ለጠገራ በ0.833፣ ለሽልንግ በ0.7) አባዝታችሁ በግራሙ ዋጋ ማባዛት ነው። በቃ!

ካልኩሌተር የሌለው ይህቺን ብቻ ይያዝ፤ አራት ጠገራ ማለት ሦስት አውንስ ንጹሕ ብር ነው። ስድስት ሽልንግ ደግሞ ወደ አንድ አውንስ ይጠጋል። «አንድ ጠገራ አንድ ወቄት ነው» የሚለው የአባቶቻችን ሚዛን ስለ ክብደቱ ነው። የጠገራን ክብደት እንደ ሚዛን ድንጋይ ይጠቀሙበት ስለነበር ነው እንጂ፣ የዓለም ገበያው አውንስ ሙሉ በውስጡ አለ ማለት አይደለም። ይህን ያልለየ ሻጭ የማይገኝ ዋጋ ጠርቶ ከነብሩ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ እንነጋገር። ገዢውም ሰው ነው፤ ኪራይ አለበት፣ ሲያቀልጥ ይጎድልበታል፣ ማትረፍም አለበት። ሙሉውን የዓለም ዋጋ አይሰጣችሁም፤ አትጠብቁ። የእኔ ደንብ ይህ ነው፤ ከንጹሕ ብሩ ዋጋ ከሦስት አራተኛ በታች የጠራ ሰው ፊት ቆሜ አልከራከርም፤ ዕቃዬን አንስቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እወጣለሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ፈትኑት። ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘው ብር አይደለም። ካልያዘው ግን ገና ብር ነው ማለት አይደለም፤ መዳብም እርሳስም በማግኔት አይያዙም። ቀጥሎ መዝኑት። ጠገራ ነው ተብሎ 24 ግራም የሚመዝን ከሆነ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ጠርዙን እዩት። እውነተኛው ጠገራ በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብሎ የተቀረጸ የላቲን ጽሑፍ አለው። የንግሥቲቱ መፈክር ነው፤ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። ጠርዙ ልሙጥ ወይም የተሰነጠረ ብቻ ከሆነ ጠርጥሩ።

የውሃም ፈተና አለ። የፕላስቲክ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታችኛውን ሳይነካ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ካሳየ ደስ ይበላችሁ። ሦስት ግራም አልፎ ከሄደ ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ጆሮ የተበየደበት ጌጥ ከሆነ ግን ብየዳው ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ገዢውም ለዚያ ትንሽ ቢቀንስ አትፍረዱበት።

ደግሞ እባካችሁ አታጽዱት! የልጅቷ የምኒልክ ብር ጥቁር ብሎ ነበር። «በሎሚና በአመድ ልፈትገው አስቤ ነበር» ስትለኝ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። ለሚያቀልጥ ሰው ንጣቱ ምንም አይጨምርም። ለሰብሳቢ ግን የተፈተገ ሳንቲም የተላጠ ሰው ነው። ያ ጥቁረት የዕድሜው ምስክር ነው፤ ተዉት።

ገበያ ላይ

መርካቶ ወረድን። መጀመሪያ የተስማማነው ነገር ቢኖር አንድም ሱቅ ውስጥ «ስንት ትገዛኛለህ?» ብለን ላንጠይቅ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ የጠገራ ግራሙን ስንት ይገዛሉ?» በፍሬ የሚገዛ ሰው አዝኖ ይናገራል፤ በግራም የሚገዛ ግን ሒሳብ ይናገራል። በሒሳብ ደግሞ መከራከር ይቻላል።

የመጀመሪያው «እስቲ አምጭው ልየው የኔ ልጅ» አለ። «ግራሙን ይንገሩኝና አመጣለሁ» አለችው። ሳቀና «ተምረሽ ነው የመጣሽው» አለ። ዋጋ ግን አልተናገረም። ሁለተኛው ተናገረ፤ ከእኔ ደንብ በታች ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ ብለን ወጣን። ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጠርዙን አዩ፣ ድንጋያቸው ላይ ፈተጉና አሲድ ጠብ አደረጉበት፤ ከዚያ ሚዛናቸውን ወደ እሷ አዞሩላት። ቁጥሩ እኛ ቤት ካገኘነው ጋር አንድ ሆነ። ዋጋቸው ከስሌታችን አራት አምስተኛውን አለፈ። አልተከራከርንም።

አራቱ ጠገራና አምስቱ ሽልንግ ብቻ፣ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ለአሥራ ሁለቱም ከጠራላት ዋጋ እጥፍ ሊሞሉ ትንሽ ቀራቸው። የምኒልኩን ሽማግሌው ራሳቸው መለሱላት። «ይሄን እኔ ላቅልጠው አልችልም፤ ነውር ነው። የሚሰበስብ ሰው ፈልጊ፤ ካልቸገረሽ ደግሞ አትሽጪው» አሏት።

ለመንገዳችሁ ትንሽ ምክር ልጨምር። ብቻችሁን አትሂዱ። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ አታሳዩ። «ጓደኛዬ ይግዛልሽ» ብሎ ወደ ጓሮ የሚወስዳችሁን ደላላ አትከተሉ። ገንዘቡ በእጃችሁ ሳይገባ ዕቃው ከእጃችሁ አይውጣ። ዛሬውኑ ካልሸጣችሁ የሚላችሁን ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» በሉት።

«አሜሪካ ለምትሄደው ዘመዴ ልስጣትና ውድ ትሽጥልኝ» የምትሉም አላችሁ። ቆይ! ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ዘመዳችሁን ኤርፖርት ላይ አታስቁሟት፤ መጀመሪያ የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። እርሻ ላይ ወይም ቁፋሮ ውስጥ የተገኘ የአክሱም ሳንቲም ከሆነማ ጭራሽ የገበያ ነገር አይደለም፤ ለሚመለከተው አስታውቁ።

መጨረሻው

የክፍያው ገንዘብ አልሞላም። ትንሽ ጎደለ። ልጅቷ የምኒልኩን ብር መዳፏ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ አያቷ ደወለች። ስልኩን ከፍ አድርጋው ስለነበር እኔም ሰማሁ። «እማዬ፣ ትንሽ ጎደለ፤ ይሄን የቀረውን ልሽጠው?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ዝም አሉ። ቀጥለው «ለእኔ ብለሽ እንዳታስቀሪው። ለትምህርትሽ ነው የሰጠሁሽ» አሉ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ሌላውን እንዲያው በዓይን ነው የገመቱት ወይስ በሚዛን?»

እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«በሚዛን ነው እማዬ» አለቻቸው። «ግራሙን በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ማታ አነብልሻለሁ።»

የጎደለውን ከጓደኞቿ ተበድራ ሞላች። የምኒልኩ ብር፣ ብር የተቀባው ስሙኒና የ1969ኙ ሽልንግ ወደ ሳጥኑ ተመልሰዋል። አንዱ ለክፉ ቀን፣ ሁለቱ ለሳቅ።

እናንተም ነገ የቤት ዕቃ ተሸክማችሁ ገበያ ስትወጡ፣ ቤት ሆኖ የሚጠብቃችሁ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቃችሁ አስቡ። መልሱን ይዛችሁ ግቡ።